በኮምቦልቻ «የተጠናከረ» እየተባለ የሚሸጠውን ባለ ሦስት እግር ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ በዕቁብና በብድር ገንዘብ አሰባስባችሁ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ግቢ «የተጠናከረ» የሚል ስም ተሰጥቶት የሚሸጥ ባለ ሦስት እግር አለ። ዋጋው ከፋብሪካ ከወጣ የመንገደኛ ባጃጅ ያነሰ፣ የሚይዘው ሰው ደግሞ የበለጠ ነው ይባላል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ገዢው የማይነገረው መታጠፊያ ላይ እንደሚገለበጥ ነው።

ዕቃው መጀመሪያ የጭነት ሞተር ነበር። ከፊት እጀታና አንድ ጎማ፣ ከኋላ በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው፣ ሁላችሁም ሲሚንቶና አትክልት ሲያመላልስ የምታዩት ዓይነት። የግቢው ሰዎች ሳጥኑን ያነሱና በቦታው በብረትና በላሜራ ረጅም የመንገደኛ ክፍል ይበይዱበታል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ይገጥሙለታል፤ ጣራው ላይ የዕቃ መጫኛ ይሠሩለታል። ክብደቱን እንዲችል በሚል ለኋላው ባሌስትራ (ክብደቱን ለሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ተጨማሪ ቅጠሎች ያስገባሉ፣ ጎማውንም ተለቅ ባለ ይለውጡታል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ያማረ ነው። ደላላው «አብሽር ወንድሜ፣ ይህ እንደ ባጃጅ ስስ አይደለም፣ ብረቱ ወፍራም ነው» ይላል። ብረቱ በእርግጥ ወፍራም ነው፤ የተጫነው ግን ከላይ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የእህቴ ባል ከዚያ ግቢ አንዱን ገዛ። ብዙም ሳይሠራበት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ መንገደኞቹን አውርዶ ብቻውን ቁልቁል ሲመለስ መታጠፊያ ላይ በጎኑ ተገለበጠ። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ የሚከንፍ ሰውም አይደለም። ክንዱ ተሰበረ። ከኋላው ሰው ባለመኖሩ ፈጣሪን አመስግነናል። ሻጩን ስንጠይቀው «ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው» ብሎ ዘጋን። እኔ በጋራዥ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ተሽከርካሪውን አንሥተን ካስገባነው በኋላ በሜትር ለክቼዋለሁ፣ ኋላውንም ፈትቼ አይቼዋለሁ። ጥፋቱ የአሽከርካሪው አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ በደንብ ላስረዳ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው በቀለምና በዋጋ አይታለልምና።

ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚቆመው ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። መኪና ወደ ጎን ሲገፋ በአንድ በኩል ያሉት የፊትና የኋላ ጎማዎች አብረው ይደግፉታል። ባጃጅና የጭነት ሞተር ግን ከፊት ያላቸው ጎማ አንድ፣ እሱም መሀል ላይ ነው። ስለዚህ የሚገለበጡበት መስመር ከፊት ጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ ጎማው በሰያፍ ይሄዳል። ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ በቀረበ መጠን ሰፊው መሠረት ላይ ያርፋል፤ ወደ ፊት በሸሸ መጠን ወደ ጠባቡ ጫፍ፣ ማለትም ወደ መገልበጫው መስመር ይጠጋል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ባዶ ጎን ያዘነበለ ሰው ነገሩን በሰውነቱ ያውቀዋል።

ከፋብሪካ የወጣው የመንገደኛ ባጃጅ ይህን አስቦ የተሠራ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከመንገደኞቹ መቀመጫ ሥር ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ወደ 2 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 1.3 ሜትር የጎን ስፋት አለው። መንገደኞቹ የሚቀመጡት ከኋላ ጎማዎች ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ጎማዎቹ ባለ 8 ኢንች በመሆናቸውም ወለሉ ዝቅ ይላል። ይህም ሆኖ ባጃጅ ሲገለበጥ አይተናል። የጭነት ሞተሩ ደግሞ የተለየ ነው፤ ሞተሩ ያለው ከአሽከርካሪው ሥር፣ ወደ ፊት ነው። ባዶውን ሲሄድ ክብደቱ በአብዛኛው ከፊት ነው ማለት ነው። የተሠራውም በሳጥኑ ወለል ላይ ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ ጭነት ነው እንጂ ከፍ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው አይደለም።

አሁን የደሴን መንገድ አስቡ። ቁልቁለት ላይ የተሽከርካሪው ክብደት በራሱ ወደ ፊት ይመጣል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይበልጥ ወደ ፊት ይሄዳል። ከኋላ መንገደኛ ከሌለ የአሽከርካሪውን ክብደት የሚያመጣጥን ነገር የለም። በዚህ ላይ ከባዱ ጣራ አለ። የእህቴ ባል የተገለበጠው እነዚህ አራቱ በአንድ መታጠፊያ ላይ ሲገናኙ ነው። ብዙ ሰው «ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፣ አያሰጋም» ብሎ ያስባል፤ እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ግን ባዶውን ቁልቁል ሲወርድ ነው ይበልጥ የሚፈራው።

ሲሞላስ? ሲሞላ ችግሩ ወደ ዳገቱ ይዞራል። አግዳሚ ወንበሮቹ ሰው ለማብዛት ሲባል ከኋላ ጎማዎቹ አልፈው ወደ ኋላ ወጥተዋል። የመጨረሻዎቹ መንገደኞች የሚቀመጡት ከጎማው ኋላ ነው፤ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሰፈሮች በሚያወጡት ዳገቶች ላይ የፊት ጎማው ይቀላል። አሽከርካሪው እጀታውን ያዞራል፣ ተሽከርካሪው ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ክረምት ላይ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይታዘዝም። ሲወርድ የሚገለበጥ፣ ሲወጣ መሪው የማይሰማ ተሽከርካሪ በገንዘባችን ገዛን ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ስሌት ላሳያችሁ። የኋላ ጎማዎቹ መሀል ለመሀል 115 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ተሽከርካሪ እንውሰድ። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ካለው ርቀት 70 በመቶው ላይ ወደ ኋላ ከሆነ፣ የሚገለበጠው የጎን ግፊቱ የክብደቱን 67 በመቶ ሲደርስ ነው። ያንኑ ተሽከርካሪ ማዕከሉን ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ፣ ወደ ፊት ደግሞ ወደ 60 በመቶ ብናመጣው 43 በመቶ ይበቃዋል። ግማሽ ስፋቱ (ከመሀሉ እስከ ዳሩ) 10 ሜትር በሆነ ክብ መታጠፊያ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲዞሩ ግፊቱ 31 በመቶ ያህል ነው፤ ሁለቱም ያልፋሉ። በ25 ኪሎ ሜትር 49 በመቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ይገለበጣል። መንገዱ ያው፣ አሽከርካሪው ያው፣ ልዩነቱ የብየዳው ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ግን ግፊቱ 71 በመቶ ስለሚደርስ የመጀመሪያውም አይተርፍም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናልና።

ስለ ባሌስትራው ቅጠሎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጩ በጣም የሚኮራባቸው እነሱ ናቸውና። ተጨማሪ ቅጠል ጭነት ይችላል እንጂ ከመገልበጥ አያድንም። ተሽከርካሪውን ከፍ ያደርገዋል፣ ባሌስትራውንም ያደነድነዋል። ለስላሳ ሲሆን መታጠፊያ ላይ አስቀድሞ ያዘነብላል፣ አሽከርካሪውም ይሰማዋል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የደነደነው ግን ሳያስጠነቅቅ የውስጡን ጎማ ከመሬት ያነሣል። ሞተር ሳይክል መንዳት ለለመደ ወጣት ይህ የባሰ ነው፤ ባለ ሁለት እግሩ ላይ ሆኖ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ማዘንበል ለምዷል፣ ባለ ሦስት እግሩ ግን አያዘነብልለትም፤ አካሉ ወደ ውጭ ይገፋል።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የታየ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ባለ ሦስት ጎማ የሜዳ ሞተሮች ሰው እየጎዱ ስላስቸገሩ ሆንዳን ጨምሮ ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1988 ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ሽያጫቸውን አቁመዋል። ሆንዳን የሚያህል ድርጅት ያልተወጣውን በአንድ ግቢ ውስጥ በመበየጃ ማሽን ተወጥተነዋል የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ።

ሻጮቹ እንዴት እንደሚያሞክሩ ደግሞ እወቁ። ኮምቦልቻ በሜዳው፣ በቀጥታው አስፋልት ላይ ያስነዷችኋል። እዚያ ላይ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከባጃጅ የተረጋጋ ይመስላል። «እስቲ በሐረጎ በኩል ልሞክረው» ስትሉ ነዳጁ አልቋል፣ ታርጋው ገና አልወጣም፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው ይባላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሐረጎ ጠመዝማዛና በክረምት ጭጋግ የሚውልበት ነው። ተሽከርካሪው የሚሠራው ደሴ ከሆነ የኮምቦልቻ ሜዳ ሙከራ ምንም አያሳይም። እኔ ግን ሐረጎ ላይ ሞክሩት አልልም፣ አደራ። ባዶ ሜዳ ፈልጉ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት እጀታውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ክብ ሥሩ፣ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ይመልከት። ጎማው መሬቱን በደንብ ካልተጫነ እዚያው ወርዳችሁ ተዉት። ቆሞ እያለም ሁለት ሰዎች ጣራው አካባቢ ይዘው በቀስታ ወደ ጎን ይግፉት፤ ከዚያ አጠገቡ የቆመ የፋብሪካ ባጃጅ ካለ ያንንም በዚያው መጠን ይግፉ። ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ዲፈረንሻሉን ሳታዩ አትለፉ። በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ይህን የሚያስችለው ዲፈረንሻሉ ነው። የእህቴን ባል ተሽከርካሪ ስፈታው ዲፈረንሻሉ ውስጡ ተበይዶ አገኘሁት፤ ጥርሱ ሲያልቅ ከመቀየር ይልቅ ርካሹን መንገድ መርጠዋል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ጎማዎች እኩል ካልዞሩ ስለሚሉ የፊቱን ጎማ ቀጥታ ይገፉታል። ምርመራው ቀላል ነው፤ የኋላውን በክሪክ አንሡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ እንዳለ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ደህናው ዲፈረንሻል ሌላኛውን ጎማ በተቃራኒው ያዞረዋል። ጎማው አልዞር ካለ ተበይዷል።

ወረቀቱም ያው ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት ተሽከርካሪ ነው፤ ለውጡ አልተመዘገበም። ቦሎ ለማደስ ስትሄዱ የሚጠየቀው ሻጩ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። አደጋ ደርሶ መንገደኛ ቢጎዳ ደግሞ ከመድን ድርጅቱ ጋር ክርክር ውስጥ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤአለሁ» የምትል ሐረግ ያስገባሉ፤ እሷን ሳታስወጡ አትፈርሙ። የፈረማችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገው ሐረግ አያድነውም። ነገር ግን ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ የብየዳውን፣ የባሌስትራውንና የዲፈረንሻሉን ፎቶ አንሡ፤ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት አትጣሉ።

ገዝታችሁ አሁን እየሠራችሁበት ላላችሁ፣ በተለይ ብድር ላለባችሁ፣ «አቁሙት» ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። እኛ የመንገደኛውን ክፍል አንሥተን የጭነት ሳጥኑን መለስንለት፤ ሠርቶ ገንዘቡን የሚያወጣበትም መንገድ ይኸው ነው። እስከዚያው ጣራው ላይ ምንም አትጫኑ፤ ከኋላ ጎማው ወዲያ ባለው ወንበር ላይ ሰው አታስቀምጡ። ፍጥነታችሁን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፣ መታጠፊያው ውስጥ ገብታችሁ ፍሬን አትያዙ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አታድርጉ፤ ሞተሩ ካልያዘው ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ሲግል ደግሞ አይዝም። የኋላ ጎማዎቹም ንፋሳቸው እኩል መሆኑን በየጠዋቱ እዩ፤ አንዱ ከጎደለ ተሽከርካሪው ገና ሳይታጠፍ ወደዚያው ጎን አዘንብሏል።