የዓይን ክሊኒካችንን ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ላሻገረልን ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና አካባቢው የዓይን ክሊኒክ ያላችሁ፣ ካርድ ክፍላችሁ ሞልቶ ከተቸገራችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ፕሮግራም ጭኖ የሚሄድ ሞልቷል፤ የእይታ ምርመራ ክፍል ቁጭ ብሎ ሥራውን አይቶ የሚጭን ግን ብዙ የለም።

ከሁሉ በፊት የያዘው የእይታ ልኬቱን ነው፤ በስድስት ሜትር ርቀት ተለክቶ እንደ ክፍልፋይ የሚጻፈውን። በኤክሴል የተጻፈ 6/9 እና 6/12 ራሱን ወደ ቀን ይለውጣል፤ 6/60 ደግሞ የ1960 ጁን ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳይጻፍ፣ ከዝርዝር እንዲመረጥ አደረገው፦ ከ6/6 እስከ 6/60፣ ቀጥሎ ጣት መቁጠር፣ የእጅ እንቅስቃሴ ማየት፣ ብርሃን መለየትና አለመለየት። ያለ መነጽር፣ በመነጽርና በትንሽ ቀዳዳ (ፒንሆል) የታየው ለየብቻ ይመዘገባል። ታካሚው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ቀኝ ዓይኑ በስክሪኑ ግራ በኩል ነው። በሞራ ቀዶ ሕክምና ትእዛዝ ላይ ቀኝ ወይም ግራ ካልተመረጠ አይመዘግብም።

የግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ታካሚ የዓይን ግፊት በየቀጠሮው በመስመር ይታያል፣ ከተለካበት ሰዓት ጋር። ሰዓቱን ትንሽ ነገር አታድርጉት፤ ግፊት በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል፣ የጠዋቱን ከማታው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

የታካሚ ስም ነገር ደግሞ የወሎ ጣጣ ነው። መሐመድ ሰይድ አሕመድ በሦስቱም ስም የሚገጥመው ሌላ ሰው አያጣም፤ አንዱ ጸሐፊ መሐመድ፣ ሌላው መሀመድ ካለው ደግሞ አንዱ ታካሚ ሁለት ካርድ ይኖረዋል። ፍለጋው ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ሳይለይ እንዲያገኝ አድርጎታል፤ ማረጋገጫው ስልክ፣ ቀበሌና የእናት ስም ነው። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜንም ያውቃል። ይህን የማያውቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ ተጠንቀቁ።

መብራት ሲጠፋስ? ሰርቨሩ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራ አይቆምም። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) በኬብል ከሰርቨሩ ጋር ተያይዟል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት ይዘጋዋል። መሃል ላይ ድርግም ካለ የመረጃ ቋቱ ሊበላሽ ይችላል። ቅጂው በየማታው በሁለት ዲስክ ይወሰዳል፣ አንዱ ከክሊኒኩ ውጭ ያድራል። ቅጂ አለ ማለት ብቻ ግን አይበቃም፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ከፍቶ አሳይቶናል። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ሙከራ በፊት ለማንም አትክፈሉ።

አሮጌውን ካርድ በሙሉ አያስጽፍም፤ የግላኮማ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና የሕፃናቱ ብቻ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ታካሚው ሲመጣ። የካርድ ቁጥሩ እንዳለ ይቀጥላል። ሐኪሙ የሚሥለው የዓይን ሥዕል ግን እስካሁን በወረቀት ተሥሎ ፎቶው ነው የሚገባው፤ በማውስ የኮርኒያ (ብርሃን አሳላፊው የዓይን የፊት ሽፋን) ጠባሳ መሣል አይሆንም።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። ዕቃ ስለማይሸጥ ኮምፒውተሩንና ዩፒኤሱን ገዝታችሁ ጠብቁት።