የቤት ኢንተርኔት መቀየር ያዋጣል? መደበኛ ብሮድባንድና የሲም ራውተር ሲነጻጸሩ

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ በኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ ብሮድባንድ፣ ማለትም በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር (በብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ገመድ) ቤት ድረስ በሚገባ ኢንተርኔት፣ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ወደ ሲም ራውተር፣ ማለትም ሲም ገብቶበት የሞባይል ኢንተርኔትን በዋይፋይ ለቤቱ ወደሚያዳርስ መሣሪያ፣ ቢዞሩ ወጪያቸው ይቀንስ እንደሆነ ማስላት ይችላሉ። የሁለቱን ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ማስተያየት ግን ያሳስታል፤ የሚሸጡት ነገር የተለያየ ነውና።

የመደበኛው መስመር ክፍያ የሚወሰነው በፍጥነቱ ነው። 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሆነ መስመር ፍጥነቱን እስከጠበቀ ድረስ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ያወርዳል፤ ሌሊትና ቀን ቢሠራም ሒሳቡ አይጨምርም። የሲም ጥቅል ግን ብዙውን ጊዜ በጊጋባይት ይለካል። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ በቀን አራት ሰዓት የሚያይ ቤት ለቪዲዮ ብቻ በወር 120 ጊጋባይት ያስፈልገዋል፤ የልጆቹ ስልኮች ሲጨመሩ ቁጥሩ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። ያልተገደበ የተባለ ጥቅልም ቢሆን ከተወሰነ አጠቃቀም በኋላ ፍጥነቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከመክፈል በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ያለበትና ፋይበር የገባለት ቤት መስመሩን ባይለቅ እመክራለሁ። መስመሩ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ከሆነና ቤቱ ከማከፋፈያው ሳጥን የራቀ ከሆነ ግን ፍጥነቱ በርቀቱ ልክ ስለሚዳከም፣ ለማያገኙት ፍጥነት ከመክፈል ሲም ራውተር መሞከር ተገቢ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ተከራይን ይመስለኛል፤ ቤት በለቀቀ ቁጥር መስመር እንዲዛወርለት ከመጠየቅና ከአከራይ ጋር ከመነጋገር ይድናል፣ ራውተሩንም ይዞት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ፤ ባትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ ራውተር ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል።

የራውተሩ ዋጋም ከሒሳቡ መግባት አለበት። ራውተሩ 6,000 ብር ቢያወጣና በወር 500 ብር ቢቆጥቡ፣ ትርፉ የሚጀምረው ከዓመት በኋላ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሲሙን በስልክዎ አስገብተው፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ለተከታታይ ቀናት ፍጥነቱን ይለኩ፤ ነባሩን መስመርም አዲሱ አንድ ሙሉ ወር እስኪፈተን ድረስ አያቋርጡ።