ለሠዓሊያችን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ጎንደር ውስጥ የሰፈር፣ የትምህርት ቤት ወይም የዕድር ግድግዳ ማሣል የምትፈልጉ ይህን አንብቡልኝ።

ሰፈራችን ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው። መግቢያው ላይ ረጅም ግንብ አለ። ቆሻሻ የሚጣልበት፣ የሚሸናበት ነበር። ማታ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ይጠጉታል። ዕቃ በጠፋ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው እነሱ ላይ ነው።

ግንቡን እናሥላለን ብለን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቃጥለናል። ለአንዱ ብር አዋጥተን ሰጠነው። «እዚህ መሽናት በሕግ ያስቀጣል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ክረምት ሲገባ ቀለሙ ተላጠ። ብንደውል ስልክ አያነሳም። ሌሎቹ ቲሸርት ለብሰው መጡ። ግማሽ ቀን ቀቡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ አርማቸውን አግዝፈው ሣሉና ሄዱ። ልጆቹ ብሩሽ ሲነኩ «ዞር በሉ!» ተብለው ተባረሩ። ቆሜ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይሄኛው ሠዓሊ ሲመጣ ቀለም እንኳ አልያዘም። ሦስት ቅዳሜ ቡና ላይ እየተቀመጠ ምን ይሣል እያለ ሰው ጠየቀ። የጎዳናዎቹንም ልጆች ጠየቀ። የሰፈሩ ሰው ራሱ ይሣል ተባለ። ያኔ አንዲት እናት «ሌቦቹንም ልትሥላቸው ነው?» አሉት።

አልተቆጣም። «እማማ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ መላእክቱ ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ያዩን የለ? በድሮ ሥዕላችን ክፉ ሰው ነው በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው። እኔ እዚህ ግንብ ላይ በአንድ ዓይን የምሥለው ሰው የለኝም» አላቸው። ሁሉም ዝም አለ።

ከዚያ ሊስትሮ የሚሠራውን ትንሹን ልጅ ጠራው። የእኚያኑ እናት ዓይን እንዲሥል ብሩሽ ሰጠው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ክንዱን ደገፈለት። «ቀስ በል፣ ጊዜ አለን» ሲለው ሰማሁ። እሳቸውም ንቅንቅ ሳይሉ ተቀመጡለት። በማግሥቱ ምሳ ቋጥረውለት መጡ።

ታናሽ ወንድሜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከወጣ ቆይቷል። የት እንደሚያድር አላውቅም። ለእሱም እንዲህ «ቀስ በል» የሚለው ሰው አይጥፋ እያልኩ አለቀስኩ።

ግንቡን በምን እንዳሸው፣ ከሥር ምን እንደቀባው አይገባኝም። ክረምቱ ግን አልፎበታል፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። ቆሻሻ የሚጥልም የለም። የገዛ ፊቱ ላይ ማን ይጥላል? ልጆቹ ዛሬም ጎዳና ነው የሚያድሩት፣ አልዋሽም። ግን አሁን በስማቸው እንጠራቸዋለን። ትንሹን ሠዓሊው ለሌላ ሥራም ይዞት ይሄዳል፤ የቀኑንም ይከፍለዋል።

ከተስማማነው በላይ አንድ ብር አልጠየቀንም። ስሜን አትጻፉ ስላለ አልጻፍኩም። ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አደራ፣ ሌላ ሰው ከመያዛችሁ በፊት መጥታችሁ ግንቡን እዩት። ማንንም ጠይቁ፣ ያሳያችኋል። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! አመሻሽ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ኑ፣ ያኔ ነው የሚያምረው።