ግፊቴን ከመለካቷ በፊት ዝም ላሰኘችኝ ሲስተር

ምስጋናዬ በስምንት ወር ዘግይቷል። «ስሜን እንዳይጽፉ» ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ቤት ለቤት እየዞረች ግፊትና ስኳር ያለባቸውን የምትከታተል ነርስ ናት። እኛ ቤት የመጣችው ለእናቴ ነበር፤ እኔ «እስቲ እኔንም ለኪኝ» ያልኳት እንደ ቀልድ ነው።

ክንዴን ከነሹራቤ ዘረጋሁላት። «ጋሼ፣ ያውልቁት» አለችኝ። ከዚያ ወንበሩን ተደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ አምስት ደቂቃ ዝም አሰኘችኝ። ቡና ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት ማለፉን፣ ሽንት ቤት መሄዴንም ሳይቀር ጠየቀች። (ከእሷ በፊት የለካኝ ባለሙያ ከልብሴ በላይ ጠቅልሎ፣ ወሬ እያወራኝ ነበር «ደህና ነህ» ያለኝ።) ሁለቴ ለካችኝ፤ 164 በ98።

«ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም!» አልኳት።

«ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ክፋቱም እሱ ነው።»

በአንድ ቀን ልኬት ግን በሽተኛ አላለችኝም። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየለካሁ እንድመዘግብ አድርጋ፣ መዝገቡን አስይዛ ወደ ሐኪም ላከችኝ። ለስትሮክ ከሚያጋልጡና በእጃችን ካሉ ነገሮች ዋነኛው ግፊት መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ አለች፤ የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት 150 ደቂቃ። ሲጋራዬን አይታ አልተቆጣችም፤ «የሚያቆሙበትን ቀን ይንገሩኝ» ብላ ጻፈችውና በዚያው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። እንዴት ላጭስ!

አንዴ ብቻ ተጣልተናል። ግፊቴ 128 በ79 ሲገባልኝ ድኛለሁ ብዬ ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒት ተውኩት። «የወረደውኮ ስለሚውጡት ነው» ብላ ዳግም ሐኪሜ ጋ አስገባችኝ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ዕዳ ግን የእናቴ ነው። የእጇን ምት እየዳሰሰች ድንገት ዝም አለች፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘላል። በማግስቱ ኢሲጂ (የልብ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሳች፤ የልብ ምት መዛባት ሆኖ ተገኘ። ልብ እንዲህ ሲርገበገብ ደም ውስጡ ሊረጋ፣ የረጋውም ተነስቶ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። እማዬ አሁን በሐኪም ትእዛዝ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች።

በራችን ጀርባ በእጅ ጽሑፏ የለጠፈችው ወረቀት እስካሁን አለ፦ አፍ ቢጣመም፣ አንድ እጅ ቢዝል፣ ንግግር ቢተሳሰር ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ሰዓቱን አይታችሁ ወዲያው ሆስፒታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አስፕሪን በራሳችሁ እንዳትሰጡ፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶም ሊሆን ይችላል።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትመጣ ብቻ ቴሌቪዥኑን ቀድማችሁ አጥፉ።