ባሊስቶል ዘይት ከ14 ወር በኋላ

ባሊስቶል የሚባለውን የጠመንጃ መወልወያ ዘይት አንድ ጣሳ የገዛሁት ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ አጋዘን በጠመንጃ ማደን የሚፈቀደው ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ስለሆነ፣ ሁለት ወር ቀደም ብዬ መዘጋጀት ፈልጌ ነበር። ጠመንጃዬ በእጅ የሚቀባበል፣ .308 ጥይት የሚጎርስ፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት የሆነ ነው። ሁለት የአደን ወቅትና አንድ ወበቃም በጋ አብረን አሳልፈናል። አሁን ስለ ዘይቱ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

ባሊስቶል አዲስ ነገር አይደለም። በ1904 ጀርመን ውስጥ ሄልሙት ክሌቨር የተባለ ኬሚስት ነው የሠራው። የጀርመን ጦር የፈለገው ለብረቱም፣ ለእንጨቱም፣ ለቆዳ ማንገቻውም የሚሆን አንድ ዘይት ነበር። እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው። ብረቱን ስወለውል ሰደፉን ይነካብኛል ብዬ አልጨነቅም። ቀደም ሲል ሰደፉን በተልባ ዘይት ነበር የማሸው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ የተነከረበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የምትጠቀሙበት ካላችሁ ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ሽታው ለየት ያለ ነው፤ ወደ እንስላል ይጠጋል። እኔ ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ግን ጋራዥ ውስጥ ካልሆነ አትከፍተውም ብላለች። ልክ ነች፣ መስኮት ተከፍቶ ነው መሠራት ያለበት።

ወዳጆቼ "የቱ ዘይት ይሻላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ከዘይቱ ስም በፊት የሚገባበትን ቦታና መጠኑን ነው የማነሳው። ይህን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ወቅት ነው።

ያኔ መቀባበያውን ፈታሁና መቺው መርፌ የሚመላለስበትን ቀዳዳ ለሁሉም ነገር ይሆናል በሚባል ግሪስ ሞላሁት። መንከባከቤ ነበር። ጠዋት ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዷል። አጋዘኑ ወጣ፣ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ምላጩን ሳብኩ። "ቀጭ" ብቻ። አፈሙዙን ሰው በሌለበት አቅጣጫ እንደያዝኩ 30 ሰከንድ ጠበቅሁ፤ አንዳንዴ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳል። አውጥቼ ሳየው ቂጡ ላይ ያለው ምት ጭረት ብቻ ነበር። አጋዘኑ ሄዷል። ቤት ገብቼ ስፈታው ግሪሱ እንደ ረጋ ሞራ ሆኖ መርፌውን ይዞታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚያ ቦታ ግሪስ መግባት አልነበረበትም። አሁን መርፌውንና ቤቱን አጥቤ አደርቃለሁ፣ በባሊስቶል በረጠበ ጨርቅ አንዴ ዳሰስ አድርጌ መልሼ እጠርገዋለሁ። በዚህ ዓመት በዚያው ብርድ አንድም ጊዜ አልከሸፈብኝም።

ግሪስ የራሱ ቦታ አለው። መቀባበያው ሲዘጋ የሚነክሱት ጥርሶች ከኋላቸው ብረት ለብረት ይጫናሉ። የ.308 ጥይት ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች እስከ 62,000 ፓውንድ ይደርሳል። ያንን ሸክም የሚችሉት እነዚያ ጥርሶች ናቸው። ቀጭን ዘይት እዚያ ተጨፍልቆ ይወጣል። ቁጥር 2 የሊቲየም ግሪስ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ለሁለቱም ጥርሶች ይበቃል። ጥይት ማጉረሻው ግን ደረቅ መሆን አለበት። ቀለሁ ሲተኮስ ግድግዳውን ቆንጥጦ ነው የሚይዘው። ዘይት ካለ ይንሸራተትና ሸክሙን ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መቀባበያው ይገፋዋል። የአፈሙዙን ውስጥም ለማስቀመጫ እቀባዋለሁ፤ ከመተኮሴ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ አወጣዋለሁ። ካልወጣ የመጀመሪያው ጥይት ከዒላማው ሊስት ይችላል።

ባሊስቶል በእውነት የተፈተነው ጁላይ ላይ ነው። ከተኩስ ልምምድ መልስ፣ ጠመንጃውን ስፖንጅ ባለው ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሳምንት ረሳሁት። ስፖንጅ እርጥበት ያምቃል። ስከፍተው በዘይት ያበስኩት ክፍል እንደነበረ ነው። ሳላብሰው በቀረው፣ በላብ እጄ በያዝኩት ቦታ ግን የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ጣቶቼ የት እንዳረፉ በግልጽ ይታያል። ነጠብጣቡን በዚያው ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ለመጓጓዣ ብቻ ነው። ጠመንጃው የሚያድረው እርጥበት መምጠጫ ባለው፣ በሚቆለፍ የብረት ካዝና ውስጥ ነው። በወር አንዴ አውጥቼ፣ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ እወለውለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም ልጅ ሳለሁ አያቴ ምንሽራቸውን ከተኮሱ በኋላ በአፈሙዙ የፈላ ውሃ ያንቆረቁሩበት ነበር። ብረት ላይ ውሃ! ይገርመኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የድሮ ጥይት መለኮሻ ሲነድ ጨው ይተዋል፤ ጨውን ደግሞ ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ ነው የሚያሟሟው። ከውሃው በኋላ አድርቀው ዘይት ይቀቡታል። ባሊስቶል ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱ አዳኞች ይህን ቅልቅል ይወዱታል። ውሃው ጨውን ያጥባል፣ ሲተን ዘይቱ ብረቱ ላይ ይቀራል። አያቴ በሁለት ዙር የሚሠሩት በአንድ ያልቃል። ይህን ባሳያቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ፈሳሽስ? በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የተሠራው እርጥበትን ለማባረር ነው። ዝናብ የመታውን ጠመንጃ ለማድረቅ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ ጠርጌ ሌላ ዘይት እቀባለሁ። የምግብ ዘይት ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ባለ 6 አውንስ የሚረጨው ጣሳ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ቀጣዩን ፈሳሹን፣ ባለ 16 አውንሱን እገዛለሁ። የሚረጨው ባልፈለግሁት ቦታ ሁሉ ይገባል። ከፈሳሹ ጨርቅ ላይ ሁለት ጠብታ ካደረግሁ ለጠቅላላ ጠመንጃው ይበቃኛል።