የመቶ ዓመት ቁርስ በቤንጋሉሩ፦ ማቫሊ ቲፊን ሩምስ

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ደቡብ ሕንዷ ከተማ ወደ ቤንጋሉሩ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ፣ የሕንድ ምግብ ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ የቀመሰው ነው፤ በቲማቲምና በክሬም የተሠራ ዶሮ፣ ከታንዱር ምድጃ የወጣ «ነን» የተባለ ቂጣ፣ ፓኒር የተባለው አይብ የገባበት የቆስጣ ወጥ። እነዚህ በአብዛኛው የሰሜኑ ሕንድ ምግቦች ናቸው። ደቡቡ ግን ሩዝን፣ ጥራጥሬን፣ ኮኮናትንና የቦካ ሊጥን መሠረት ያደረገ ሌላ የአበሳሰል ሥርዓት አለው፤ ይህንንም ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ከማውቃቸው ቤቶች ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በላልባግ መንገድ ላይ የሚገኘውን ማቫሊ ቲፊን ሩምስን ነው። የከተማው ሰው በአጭሩ ኤም ቲ አር ይለዋል። አብዛኛው እንግዳ የሚሄደው ለማሳላ ዶሳው፣ ማለትም ድንች ለታጠፈበት የቦካ ሊጥ ቂጣ ነው፤ እኔ ግን ወደዚህ ቤት የሚያስኬደው ዋናው ምግብ ራቫ ኢድሊው፣ ማለትም ከስንዴ ተሠርቶ በእንፋሎት የሚበስለው ትንሽ ዳቦ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ቤቱ የተመሠረተው በ1924 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ ከኡዱፒ አካባቢ የመጡ የማይያ ቤተሰብ ወንድማማቾች ናቸው። ኡዱፒ በካርናታካ ግዛት የባሕር ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በክሪሽና ቤተ መቅደሷና ከዚያ ጋር ተያይዞ በዳበረው ከሥጋ ነጻ የሆነ አበሳሰል በመላው ሕንድ ትታወቃለች። ኤም ቲ አርም ይህንኑ ወግ ይዞ እስከ ዛሬ ሥጋም እንቁላልም አያቀርብም። ከወንድማማቾቹ አንዱ የነበሩት ያግናናራያና ማይያ በ1951 ወደ አውሮፓ ተጉዘው የዚያን አገር ምግብ ቤቶች አሠራር ከተመለከቱ በኋላ፣ የመመገቢያ ዕቃዎች በእንፋሎት እንዲጸዱ የሚያደርግ ጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት በቤታቸው ውስጥ ዘርግተዋል፤ ደንበኞች ወጥ ቤቱን ገብተው እንዲያዩ የመፍቀዱ ልማድም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። የሚበላው ምግብ የተሠራበትን ስፍራ ለማየት የሚፈቀድለት ተመጋቢ በየትም አገር ጥቂት ስለሆነ፣ ይህን ዕድል ያገኘ ሰው እንዳያልፈው እመክራለሁ።

የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኢንዲራ ጋንዲ በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጁበት ዘመን ምግብ ቤቶች ዋጋቸውን እጅግ እንዲቀንሱ ተገደዱ። የኤም ቲ አር ባለቤቶች የምግቡን ጥራት ከማጓደል ይልቅ ምግብ ቤቱን ለጊዜው መዝጋትን መረጡ፤ በምትኩም የተዘጋጀ ዱቄትና ቅመም አሽጎ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ያ የታሸገ ምግብ ንግድ እያደገ ሄዶ በ2007 ለኖርዌዩ ኦርክላ ኩባንያ የተሸጠ ሲሆን፣ ምግብ ቤቶቹ ግን በቤተሰቡ እጅ ቀርተዋል። ስለዚህ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚታየውን የኤም ቲ አር እሽግ ገዝቶ በቤቱ ያበሰለ ሰው፣ በዚያ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ምግብ ቤቱ መፍረድ የለበትም።

በሥራ ቀን ማለዳ ካልሆነ በቀር ወረፋ አይቀርም። እንግዳው ስሙን ያስመዘግባል፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል፤ ከዚያም ያረጀውን ደረጃ ወጥቶ ወደ መመገቢያ ክፍሎቹ ይገባል። ክፍሎቹ ጌጥ የላቸውም፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የድሮ ፎቶግራፎች በስተቀር ዓይን የሚስብ ነገር አይገኝም። ጠረጴዛ ለብቻ መያዝ አይታሰብም። ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ግድ ነው፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥን ለለመደ ሰው ግን ይህ የሚከብድ አይመስለኝም። አስተናጋጆቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ብዙም አይናገሩም፤ የታዘዘውንም ሳያዘገዩ ያመጣሉ። ከበሉ በኋላ ተዝናንቶ ለመጨዋወት የሚመች ቤት አይደለም፤ ከደረጃው በታች ተራውን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እያወቁ መቆየትም ደስ አይልም።

አሁን ወደ ራቫ ኢድሊው ልመለስ። የተለመደው ኢድሊ የሚሠራው ከሩዝና የማሾ ዘመድ ከሆነው ኡራድ ከተባለ ጥራጥሬ ነው፤ ሁለቱ ተዘፍዝፈው ይፈጫሉ፣ ሊጡ አድሮ ይቦካል፣ ከዚያም በትንንሽ ጎድጓዳ ቅርጾች ተደርጎ በእንፋሎት ይበስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን በ1942 በርማን (የዛሬዋን ምያንማር) በያዘች ጊዜ ከዚያ ወደ ሕንድ ይገባ የነበረው ሩዝ ተቋረጠ፤ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤቶችም ዋነኛ ጥሬ ዕቃቸውን አጡ። የኤም ቲ አር ወጥ ቤት በዚህን ጊዜ ሩዙን ትቶ፣ ከስንዴ የሚገኘውንና እንደ ደቃቅ ቅንጬ የተከካውን ሰሞሊና በንጥር ቅቤ ቆልቶ፣ በእርጎ አሽቶ፣ እንደ ኢድሊ በእንፋሎት ማብሰል ጀመረ። ጦርነቱ አልቆ ሩዝ ሲመለስም ይህ ምግብ አልቀረም፤ ዛሬ በመላው ደቡብ ሕንድ ይበላል፤ ብዙዎች ግን የተፈጠረበትን ቤት አያውቁም።

ሳህኑ ሲቀርብ ከቡጢ ተለቅ ያለ፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ፣ ከላዩ የካሹ ፍሬና የድንብላል ቅጠል የታተመበት ኢድሊ ይታያል። በጣት ሲገመስ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ እንፋሎቱ ገና ያልወጣለት ነው፤ በመካከሉም በቅቤ የፈነዱ የሰናፍጭ ፍሬዎችና የካሪ ቅጠል ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ሰሞሊናው አይላቆጥም፤ እህልነቱ በጥርስ ስር ይታወቃል፤ የእርጎው ኮምጣጣነትም ከቅቤው ጋር ተስማምቶ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ይዘልቃል። ከጎኑ በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ ድንች ያለበት ለስላሳ የአትክልት ወጥ እና ቻትኒ የተባለ አረንጓዴ ማባያ ይቀርባሉ። ቅቤው እንደኛው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ስላልሆነ ሽታው ቀለል ያለ ነው፤ ጥሬ ወተትን ያስታውሳል። ቅቤውን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ በየጉርሻው ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መብላት የበለጠ ያጣፍጠዋል። በሌሎች የከተማው ቤቶች ያየሁት ራቫ ኢድሊ ወይ ደርቆ ይፈረፈራል ወይ እንደ ገንፎ ይጣበቃል፤ የዚህን ቤት ሚዛን የጠበቀ አላገኘሁም።

ማሳላ ዶሳው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። በብዙ ቦታ ዶሳ እንደ ወረቀት የሳሳና ረጅም ሆኖ ይቀርባል። የኤም ቲ አር ዶሳ ወፈር ያለ፣ በምጣዱ ላይ በቅቤ ጠቆር ያለ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ፣ ውጩ የሚንኮሻኮሽ ውስጡ ለስላሳ፣ በቅመም የተቀቀለ ድንች በመካከሉ ታጥፎበት የሚመጣ ነው። እንጀራ የለመደ አፍ የሊጡን መቡካት ወዲያውኑ ያውቀዋል፤ ኮምጣጣነቱ ግን ከጤፍ እንጀራ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም የሚቦካው ለአንድ ሌሊት ያህል ብቻ ነው። የድንቹ ቅመም ረጋ ያለ ሲሆን፣ በርበሬ የሚያቃጥል ምግብ ፈልጎ የመጣ ኢትዮጵያዊ ትንሽ ቅር ሊለው ይችላል። ሳምባሩም፣ ማለትም ከክክና ከአትክልት በሁመር የሚሠራው ቀጭን ወጥ፣ በካርናታካ ልማድ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ስለሚገባበት ይጣፍጣል። ወጥ ውስጥ ስኳር ማግኘት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፤ እኔም አልለመድኩትም። ለአገሩ ሰው ግን ከሁመሩ ኮምጣጣነት ጋር የሚመዘነው በዚያ ጣፋጭነት ነውና፣ ስሕተት ነው ብሎ መመለስ አይገባም።

ቡናው በብር ኩባያ ይቀርባል። የተፈጨው ቡና በሁለት ተደራራቢ ማጣሪያ ውስጥ ቀስ ብሎ ተንጠባጥቦ ከወጣ በኋላ በፈላ ወተትና በስኳር ይቀላቀላል፤ በደቡብ ሕንድ ብዙውን ጊዜ ችኮሪ የተባለ የተቆላ ሥር ስለሚጨመርበት ቀለሙ ይጠቁራል፣ ምሬቱም ይወፍራል። አቦሉን በጀበና ለለመደ ሰው ይህ ቡና ሌላ መጠጥ ነው። ይሁን እንጂ መነሻው ከኛ የራቀ አይደለም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ባባ ቡዳን የተባሉ የሱፊ መምህር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት የቡና ፍሬዎች ይዘው መጥተው በቺክማጋሉር ኮረብቶች ላይ ተከሏቸው፤ ወደ የመን የደረሰው ቡና ደግሞ ከኢትዮጵያ የተሻገረ ነው። ዛሬ ከሕንድ ቡና 70 በመቶ ያህሉ የሚመረተው በዚሁ በካርናታካ ነው። የከፋ ልጅ የሆነው ተክል ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ በወተት ተቀላቅሎ ሲቀርብልኝ ደስ ብሎኝ ጠጥቼዋለሁ፤ ከራቫ ኢድሊው ቅቤ በኋላም ያ ወፍራም ምሬት ተገቢ ቦታው ላይ ነው።

ምሳው ሙሉ ማዕድ ነው፤ ዶሳ፣ በክክና በአትክልት የበሰለ ሩዝ፣ ራሳም የተባለ ቅመማም ሾርባ፣ በእርጎ የተለወሰ ሩዝና ጣፋጭ በተከታታይ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ባዶ ሆድና በቂ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ቁርሱን እመርጣለሁ።

ስለ ጾም በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዐቢይ ጾም ወደ ሕንድ የሚሄድ ምእመን «ሥጋ የሌለበት አገር ነው» ብሎ ሲዘናጋ አይቻለሁ። የሕንድ ከሥጋ ነጻ ምግብ ወተትን፣ እርጎንና ቅቤን አይከለክልም፤ እንዲያውም ያከብራቸዋል። በቤንጋሉሩ በሌላ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ምግብ ቤት ከእንስሳት የሚገኝ ነገር እንዳይገባበት አስረድቼ ካዘዝኩ በኋላ በቅቤ የራሰ ዶሳ ቀርቦልኛል፤ ስጠይቅም የተሰጠኝ መልስ ሥጋ የለበትም የሚል ነበር። አስተናጋጁ አልዋሸም፤ የኛን ጾም የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ጾመኛ ሰው እያንዳንዱን ነገር በስሙ እየጠራ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ አልፈልግም ማለት አለበት። በኤም ቲ አር የምወድደው ራቫ ኢድሊ እርጎና ቅቤ ስላለበት ለጾም አይሆንም። የሩዙ ኢድሊ ሊጥ ግን ሩዝና ጥራጥሬ ብቻ ነው፤ ቅቤው ተለይቶ እንዲቀር ከተነገረ ጾመኛ ሊበላው ይችላል። ቻትኒውና ሳምባሩ የተቁላሉት በዘይት ይሁን በቅቤ መጠየቅም ተገቢ ነው። ዶሳውን በዘይት እንዲጠብሱ መለመን ይቻላል፤ ነገር ግን ምጣዱ ቀኑን ሙሉ ቅቤ ሲቀባ የሚውል በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ጥብቅ የሆነ ሰው ኢድሊውን ቢያዝ ይሻለዋል።

ታማሚ አስከትሎ የሚሄድ ሰው ደረጃውንና ወረፋውን አስቀድሞ ያስብ፤ ቤቱ በከተማው ውስጥ ሌሎች ቅርንጫፎች ስላሉት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወደ እነዚያ ቢሄድ ይቀለዋል። በዱባይና በሲንጋፖርም ቅርንጫፎች አሉት፤ በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩ ወገኖች ራቫ ኢድሊውን ለመቅመስ እስከ ቤንጋሉሩ መጓዝ አያስፈልጋቸውም። በላልባግ መንገዱ ቤት ግን ሰኞ ስለሚዘጋ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት፣ በማለዳ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው ከመሰማራቱ በፊት መሄድ ይመረጣል፤ ከቁርሱ በኋላም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማይሶር ገዢ የነበሩት ሃይደር አሊ ወደ ጀመሩት የላልባግ የዕፅዋት ሥፍራ በእግር መድረስ ይቻላል።