ለዛንዚባር ሻንጣ ስታዘጋጁ፦ ሊነን ወይስ ፖሊስተር? ነጠላ ወይስ ፎጣ?

የአዲስ አበባ ሰው ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ለመሄድ ሲሰናዳ የሚረሳው ወበቁን ነው። እኛ የምናውቀው ደረቁን የቀትር ፀሐይ ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይለቃል። እዚያ ጥላ ውስጥም ላብ በላብ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጂንስ ይዤ ሄድኩ። ማዕበል አራሰውና እስክመለስ ድረስ አልደረቀም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስገዛ ከቀለሙ በፊት ጨርቁን ነው የምዳስሰው።

ለባሕር ዳርቻ ተብለው ከሚሸጡት ባለ አበባ ቀሚሶች ብዙዎቹ ፖሊስተር ናቸው። አይጨማደዱም፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ በዋጋም ይቀላሉ። ፎቶ ላይማ ያምራሉ! ግን ላብ አይመጥጡም፤ ቀትር ላይ ገላ ላይ ይለጠፋሉ፣ ማታ ይሸታሉ። ከተልባ ግንድ የሚሠራው ሊነን ላቡን ይመጥጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ ሰቅለውት ቶሎ ይደርቃል። ጉድለቱ ውድነቱና መጨማደዱ ነው፤ ከሻንጣ ሲወጣ የታኘከ ይመስላል። እዚያ ግን መጨማደዱ ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ያምርበታል። ብሩ ካልበቃ አንድ ሊነን ሱሪ ይበቃል፤ ለላይ ስስ ጥጥ ልበሱ። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስስ የመነን ሸሚዝ ካላችሁማ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ነጭ ከሆነ ውኃ ሲነካው ገላ እንደሚያሳይ ብቻ አትርሱ።

አጭር ወይስ ረጅም ቀሚስ? እኔ ረጅሙን እመርጣለሁ። የደሴቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በፈረንጆቹ 2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው አሮጌው የከተማ ክፍል፣ ስቶን ታውን፣ ስትዘዋወሩ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ጨዋነት ነው። ረጅሙ ቀሚስ ቀን በዋና ልብስ ላይ ይደረባል፣ ማታ ለእራት ይሆናል። አጭሩ ከባሕር ዳርቻው አይወጣም።

ወፍራም ፎጣ አትሸከሙ። ግማሽ ሻንጣ ይይዛል፤ ከረጠበ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነጠላ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ትከሻም ይሸፍናል። ጥለቱ አሸዋና ጨው ሲነካው ግን ያሳዝናል፤ የበዓሉን ነጠላ እቤት ተዉት። እኔ አሁን የማደርገው እዚያው ካንጋ መግዛት ነው። ዳርና ዳሩ ያጌጠ፣ የስዋሂሊ አባባል የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥንድ ይሸጣል። አንዱ ወገብ ላይ ይጠመጠማል፣ አንዱ አሸዋ ላይ ይነጠፋል።

ጫማ ላይ የምታርፉበት ቦታ ይወስናል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕሩ ብዙም ስለማይሸሽ በማንኛውም ሰዓት መዋኘት ይቻላል፤ ነጠላ ጫማ ይበቃል። በምሥራቅ ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ግን ባሕሩ ሲጎድል በጣም ርቆ ይሄዳል። በጎደለው ውኃ ውስጥ ስትራመዱ ጃርት የመሰሉ ጥቁር እሾሃም የባሕር እንስሳት አሉ። የቆዳ ሰንደል እዚህ አይሆንም፤ ጨው ውኃ ያደርቀዋል። ለውኃ ተብሎ የሚሠራ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ግዙ። እሱ ከጠፋ፣ አትሳቁብኝ፣ ኮንጎ ጫማም ከባዶ እግር በብዙ ይሻላል።

ሻንጣውስ? ከአውሮፕላን ወደ ሆቴል በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ጠንካራው ባለ ጎማ ሻንጣ ልብሱን ከዝናብም ከግፊያም ይጠብቃል። ከሳፋሪ በኋላ በትንሽ አውሮፕላን የምትሻገሩ ከሆነ ግን ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም፤ ድርቅ ያለ ሻንጣም አይወዱም። አሸዋ ላይ ደግሞ ጎማ ዋጋ የለውም።

ሰንስክሪን ስትገዙ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለስስ ቆዳ ይስማማል፤ በጠይም ፊት ላይ ግን አመድ የተነፋ ያስመስላል። ቀለም ያለውን ፈልጉ። ዚንክ የሌለበት፣ ኬሚካል የሚባለው ዓይነት ነጭ አይተውም፤ ግን ኦክሲቤንዞን የተባለውን ሽሹ። ሃዋይ በባሕሯ ውስጥ ላለው ኮራል ሪፍ (የዛጎል ድንጋይ) ስትል ከ2021 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች።

ፀጉር ላይ ክርክር የለም፤ ሹሩባ። በፒያስትራ የተተኮሰ ፀጉር በወበቁ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አያልፍም።

ቅያሬ ልብሱን በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ፌስታል ክልክል ነው። የጨርቅ ከረጢት ይሻላል። ሶኬታቸው የእንግሊዞቹ ዓይነት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነውና አዳፕተር ያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር የሚከፈልበትን የደሴቱን መድን መግዛት ግዴታው ነው። ሰዓታችሁን ግን አትንኩት፤ እንደኛው ነው። በስዋሂሊም ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ነው።